የሰኔ ሙቀትና የአሥር ቀን የአየር ትንበያ በድሬዳዋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በድሬዳዋ የበልጉ ዝናብ ካበቃ በኋላ የክረምቱ ዝናብ እስኪይዝ ድረስ ያሉት ሳምንታት፣ በተለይም የሰኔ ወር፣ ከዓመቱ ሁሉ የሚሞቁ ናቸው። በዚህ ጊዜ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም ስለሚደርስ የከተማዋ ሰው ሙቀትን እንደ እንግዳ አይቆጥረውም። ሆኖም ክረምቱ ሲዘገይና ደመናው ሲሳሳ፣ ሙቀቱም ከለመድነው አልፎ ሲሄድ፣ «ይህ ነገር እስከ መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ ከመጋላ እስከ ገንደ ቆሬ በየቤቱ ይነሣል። ቀጥሎ ያሉት መልሶች የአሥር ቀን ትንበያን ከግቢዬ ቴርሞሜትር ጋር እያመሳከርሁ በቆየሁባቸው ዓመታት ጎረቤቶቼና የሥራ ባልደረቦቼ ደጋግመው ለጠየቁኝ ጥያቄዎች የተጻፉ ናቸው።

የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ የሚባለው የትኛው ነው?

በአየር ትንበያ ሙያ ከ72 ሰዓት እስከ 240 ሰዓት፣ ማለትም ከሦስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው ትንበያ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ይባላል። ከዚያ ያጠረው የዕለትና የሦስት ቀን ትንበያ ሲሆን፣ ከዚያ የረዘመው ደግሞ የወርና የወቅት ትንበያ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ሁሉንም ዓይነት ያወጣል። በእርሻ ሚቲዎሮሎጂ የተለመደው የአሥር ቀን አከፋፈል የአውሮፓውያንን ወር ተከትሎ ከ1 እስከ 10፣ ከ11 እስከ 20 እና ከ21 እስከ ወሩ መጨረሻ ስለሚሄድ፣ ከእኛ ቀን መቁጠሪያ ጋር ሲያስተያዩት ጥቂት ቀናት የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። መግለጫውን ሲያነቡ ከሁሉ አስቀድሞ የትኞቹን ቀናት እንደሚሸፍን ማረጋገጥ ይገባል።

ሌላው አገር «ክረምት ገባ» ብሎ ጋቢ ሲደርብ ድሬዳዋ ለምን ትጋያለች?

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ከፍታ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሐረር ከ1850 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየር በአማካይ በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል፣ ደረቅ ሆኖ ከከፍታ ወደ ቆላ ሲወርድ ደግሞ ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይጨምራል። ከሐረማያ ተነሥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ የወረደ ሰው ይህን ያለ መሣሪያ ያውቀዋል፤ ላይ ሲነሣ የተዘጋው መስኮት መንገዱ ሳይጋመስ ይከፈታል፣ ታች ሲደርስ ደግሞ የሚገባው ነፋስ ራሱ ትኩስ ነው። በነገራችን ላይ ከተማዋ ራሷ የዚህ ከፍታ ልጅ ናት፤ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ከሥሩ ቆመ፣ ከተማዋም በዚያው ተቆረቆረች።

ሁለተኛው ምክንያት የነፋስና የደመና ጉዳይ ነው። በሰኔ ወር የዝናብ ቀጠናው ወደ ሰሜን በመጓዝ ላይ ነው፤ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥበት አዘል ነፋስም አብዛኛውን ውሃውን በምዕራብና በመካከለኛው ደጋ ላይ አራግፎ ይደርሳል። ተራራውን ተሻግሮ ወደ ቆላው ሲወርድ ይሞቃል፣ ይደርቃልም። የድሬዳዋ ዝናብ በአንድ በኩል በመጋቢትና በሚያዝያ፣ በሌላ በኩል ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ በሁለት ወቅት የሚመጣ በመሆኑ ሰኔ በሁለቱ መካከል የተተወ ደረቅ ክፍተት ነው። መሬቱ እርጥብ ቢሆን የፀሐይዋ ኃይል ከፊሉ ውሃ ለማትነን ይውል ነበር፤ ደረቅ ሲሆን ግን ሁሉም አፈሩንና አየሩን ወደ ማሞቅ ይሄዳል። ስለዚህ በልጉ ደካማ በሆነበት ዓመት ሰኔው ይበልጥ እንደሚከብድ አስቀድሞ መጠርጠር ተገቢ ነው።

«ከመደበኛ በላይ» ሲባል መደበኛው ምንድን ነው?

መደበኛ የሚባለው የ30 ዓመት አማካይ ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2020 ያለው ዘመን ነው። ስለዚህ ለድሬዳዋ «ከመደበኛ በላይ» ማለት ለድሬዳዋ ከለመደችው በላይ እንጂ ለአዲስ አበባ ሰው ሞቃት የሚመስለው ሁሉ ማለት አይደለም። በወቅት ትንበያ ላይ ደግሞ «ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ፣ መደበኛ 35 በመቶ፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ» የመሰለ አገላለጽ ሊገኝ ይችላል። ምንም መረጃ ባይኖር ሦስቱም እኩል 33 በመቶ ይሆኑ ነበር፤ 45 የሚለው ቁጥር ሚዛኑ ወደዚያ ማዘንበሉን ብቻ ይነግራል። ከመደበኛ በታች የመሆኑ ዕድል 20 በመቶ ከሆነ ከአምስት ጊዜ አንዱ እንዲያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ እንዲያ ሲሆን «ትንበያው ዋሸ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ለምን ዘጠነኛውን ቀን እንደ ነገው ቀን ማመን አይቻልም?

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለው አሜሪካዊ የሚቲዎሮሎጂ ሊቅ በኮምፒዩተር ያሰላውን የአየር ሁኔታ እንደገና ለማስላት ፈልጎ 0.506127 በሚለው ቁጥር ፈንታ አሳጥሮ 0.506 ብሎ አስገባ። ውጤቱ መጀመሪያ ላይ ከበፊቱ ጋር አንድ ሆኖ ሄደ፤ ቆይቶ ግን ፈጽሞ ተለየ። የዛሬውን አየር የቱንም ያህል አጥብቀን ብንለካው ከዚያች ትንሽ ጉድለት አናመልጥም፤ ጉድለቷም በየቀኑ ታድጋለች፣ ሁለት ሳምንት ግድም ሲሞላም ትንበያውን ትውጠዋለች።

ባለሙያዎቹ ለዚህ ያገኙት ዘዴ አንዱን ስሌት በጥቂቱ በተለያዩ መነሻዎች ደጋግሞ ማስላት ነው። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል 51 ስሌቶችን በአንድ ላይ አስልቶ እስከ 15 ቀን ያለውን ያወጣል። እንበልና ከ51ዱ ውስጥ 45ቱ በስድስተኛው ቀን የድሬዳዋ ሙቀት ከ37 ዲግሪ ያልፋል ቢሉ፣ ያንን ቀን ይዞ የሥራ ሰዓት መለወጥ ብልህነት ነው። ግማሾቹ 33፣ ግማሾቹ 38 ቢሉ ግን መካከሉን ወስዶ «35 ይሆናል» ማለት ከሁለቱም ጋር የማይገጥም ቁጥር መያዝ ነው፤ እዚህ ላይ የሚነበበው ቁጥሩ ሳይሆን መለያየቱ ነው።

እኔ በተግባር የምከተለው እንዲህ ነው። እስከ ሦስተኛው ቀን ያለውን ቁጥሩን፣ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ያለውን አቅጣጫውን አምናለሁ፤ ማለትም ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል የሚለውን። ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ያለውን የማየው ትናንት ከወጣውና ከትናንት በስቲያ ከወጣው ጋር አስተያይቼ ነው። ሦስት ቀን በተከታታይ አንድ ነገር ካለ ክብደት እሰጠዋለሁ፤ በየቀኑ ከተገለበጠ ግን ገና አልለየለትም ብዬ እተወዋለሁ። የዝናቡን ቀን በተመለከተ ደግሞ ይበልጥ እጠነቀቃለሁ። በሐሩር ክልል ያለው ዝናብ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ በየቦታው ተነጣጥሎ ከሚገነባ ደመና የሚወርድ በመሆኑ አንዱ ሰፈር ረጥቦ ሌላው አቧራውን እንደ ያዘ ሊያመሽ ይችላል፤ ስለዚህ ከዝናቡ ይልቅ የሙቀቱ ትንበያ ይታመናል።

የስልኬ አፕሊኬሽን አንድ ቁጥር፣ ሬዲዮው ሌላ ቁጥር የሚናገሩት ለምንድን ነው?

የስልኩ አፕሊኬሽን ብዙውን ጊዜ ሰው ሳይመለከተው የዓለምን አየር በኮምፒዩተር ከሚያሰላ ዓለም አቀፍ ሞዴል በቀጥታ የተቀዳ ቁጥር ያሳያል። ሞዴሉ ምድርን በካሬ ካሬ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ካሬ አንድ ከፍታና አንድ ሙቀት ይሰጣል፤ የካሬዎቹ ጎን በአውሮፓው ሞዴል 9፣ በአሜሪካው 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሬዳዋን በመሰለች፣ ጀርባዋን ለተራራ ፊቷን ለሜዳ በሰጠች ከተማ ይህ ትልቅ ጣጣ ያመጣል። ከተማዋ ያለችበት ካሬ የተራራውንም ወገብ ከያዘ አማካይ ከፍታው ለምሳሌ 1500 ሜትር ሊሆን ይችላል፤ በ300 ሜትር ልዩነት ብቻ 2 ዲግሪ ይቀንሳል ማለት ነው። ስልኩ 34 ሲል በደቻቱ ወንዝ ዳር 36 ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ አፕሊኬሽኖች ይህን ያርማሉ፣ አንዳንዶቹ አያርሙም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ስልኩ የሚለውንና በዕለቱ የተመዘገበውን ጎን ለጎን መጻፍ። ልዩነቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ያንን እየደመሩ ማንበብ ይቻላል። ሰዓቱንም ልብ ይሏል፤ በስልኩ ላይ 15፡00 የሚለው በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን፣ የቀኑ ሙቀት ጣሪያ የሚነካውም በዚያው ግድም ነው።

ግቢዬ ያለው ቴርሞሜትር 44 ሲል ዜናው 37 አለ። ማን ነው ትክክል?

ሁለቱም የየራሳቸውን ለክተዋል። የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ሙቀትን የሚለካው በጥላ ውስጥ፣ ነጭ ቀለም በተቀባና አየር በሚያስገባ ሣጥን፣ ከመሬት አንድ ሜትር ከሩብ እስከ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ነው። በቆርቆሮ አጥር ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር ግን የአጥሩን ግለት ጭምር ይለካል። ይህ ማለት 44ቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ያን ግለት ተደግፎ የሚውለው ሊስትሮም ሆነ በባጃጁ ውስጥ ደንበኛ የሚጠብቀው ሹፌር የሚኖረው በዚያ ውስጥ ነው። ከትንበያው ጋር ለማነጻጸር ግን መሣሪያውን ፀሐይና ግድግዳ ወደማይነካው ጥላ ማዛወር ያስፈልጋል።

በትንበያው ውስጥ ይበልጥ ሊታይ የሚገባው የትኛው ቁጥር ነው?

የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው የሚያየው የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት ብቻ በመሆኑ ነው። ድሬዳዋ የቀኑን ሙቀት የምታልፍበት የቆየ ሥርዓት አላት፤ ገበያው በማለዳ ይሞቃል፣ እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው በሽርጥና በቀላል ልብስ ጥላ ሥር ያርፋል፣ ከተማዋ እንደገና የምትነቃው ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ሰውነት ግን ቀን የተሸከመውን ሙቀት የሚያራግፈው ሌሊት ነው። ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ሁለተኛው ቀን በመጀመሪያው ላይ ይደረባል፣ ሦስተኛውም በሁለተኛው ላይ።

በአንድ የሰኔ ሌሊት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የቤቴን የብሎኬት ግድግዳ በመዳፌ ብነካው በቅርብ የወረደ የምጣድ ጠርዝ ያህል ይሞቅ ነበር። ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ የሚወርደው ውሃ ለእግር መታጠቢያ እንኳ በርዶ አልተገኘም። ያን ቀን የተመዘገበው ከፍተኛ ሙቀት ካለፈው ሳምንት አንድ ዲግሪ እንኳ አልበለጠም ነበር፤ ልዩነቱ ሌሊቱን ሰማዩ በስስ ደመናና በአቧራ ተሸፍኖ መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ መልቀቅ አለመቻሉ ነበር። ጎረቤቶቼ ፍራሻቸውን ግቢ አውጥተው ተኝተው ነበር፤ በዚያ ሌሊት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ከየአጥሩ ማዶ ወሬ እሰማ ነበር።

እርጥበቱንም ከዚሁ ጋር ማየት ያስፈልጋል። አየሩ ደረቅ በሆነበት የሰኔ ቀን 37 ዲግሪ ላይ ላብ ቶሎ ስለሚተን ሰውነት ይቀዘቅዛል፤ በሐምሌ መጨረሻ ከዝናብ በኋላ 33 ዲግሪ ላይ ግን ላቡ ገላ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የትንበያው ሙቀት ሁለት ዲግሪ ወርዶ እርጥበቱ ከጨመረ «ቀለል ይላል» ብሎ መደምደም አይቻልም።

ትንበያው ለአሥር ቀን ደረቅና ሞቃት ነው ካለ የጎርፍ ሥጋት የለም ማለት ነው?

አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ መዘናጋት ሕይወት አስከፍሏል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ በደጋው ላይ የጣለው ከባድ ዝናብ በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው ሰው በተኛበት ነው። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ዕቃ ይዘረጋበታል። ውሃው የሚመጣው ግን በከተማዋ ላይ ከሚዘንበው ይልቅ ከደንገጎና ከአካባቢው ተራሮች ነው፤ ስለዚህ በከተማዋ ሰማይ ላይ ከዋክብት እየታዩ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል።

ከዚህ የተነሣ የድሬዳዋ ሰው ሁለት ትንበያ ማንበብ አለበት፤ የራሱንና በስተደቡብ ያለውን የምሥራቅ ሐረርጌን ደጋ። ለደጋው «በጥቂት ቦታዎች ከባድ ዝናብ» የሚል ቃል ካለ፣ የከተማዋ ቁጥር 38 ዲግሪና ዜሮ ሚሊ ሜትር ቢልም፣ በዚያ ምሽት በወንዙ ውስጥ መኪና ማቆምም ሆነ ማደር አይገባም። ሲሞቅ የደረቀና ገጹ የጠነከረ መሬት የመጀመሪያውን ዝናብ ቶሎ ስለማይመጥ፣ ከረጅም ሙቀት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ዝናብ ይበልጥ ያሠጋል።

አርሶ አደሩ፣ አርብቶ አደሩና ነጋዴው በዚህ ትንበያ ምን ያደርጉበታል?

በሐረርጌ ረጅም ጊዜ የሚወስደው ማሽላ የሚዘራው በበልጉ ዝናብ ስለሆነ ሰኔ ሲገባ ቡቃያ ሆኖ ነው የሚገኘው። ትንበያው ቢያንስ አንድ ሳምንት ደረቅ መሆኑን ካመለከተ ማዳበሪያ መጨመርን ማዘግየት፣ አረምን ግን ማፍጠን ይመከራል፤ አረሙ ያለችውን እርጥበት ይሻማልና። በሽንሌ በኩል ያለው አርብቶ አደር ደግሞ ፍየሎቹን ወደ ውሃ የሚነዳበትን ሰዓት ወደ ማለዳ ይመልሳል። የሕንፃ ሠራተኛ አርማታ የሚሞላበትን ቀን ከሞቃቶቹ ቀናት ማራቅ ወይም ሥራውን በንጋት መጀመር፣ ከዚያም ውሃ ማጠጣቱን ማብዛት ይኖርበታል። ከአወዳይ ጫት የሚያመጣው ነጋዴ ይህን ሁሉ ከማንም በላይ ስለሚያውቅ ምክር የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ሙቀቱ ሲበረታ ለጤና ምን ይደረግ?

ከብዙው ምክር ሦስቱን እመርጣለሁ። አንደኛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው የክፍሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቬንትሌተር ሰውነትን ከማቀዝቀዝ ይልቅ ሊያሞቅ ስለሚችል በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም፤ ገላን በእርጥብ ጨርቅ ማራስ ይሻላል። ሁለተኛ፣ በሙቀት መካከል ንግግሩ የተምታታ፣ ገላው የጋለ፣ ራሱን የሳተ ሰው ሲታይ ያለ ምንም መዘግየት ወደ ጥላ ወስዶ፣ ልብሱን አቅልሎ፣ ውሃ እያፈሰሱና እያራገቡ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል፤ ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ አይሰጥም። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን በቀን ሁለት ጊዜ «እንዴት ዋሉ፣ እንዴት አደሩ» ብሎ በራቸውን ማንኳኳትም ከሕክምና አያንስም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። በሙቀት ጊዜ ውሃ ስለሚቆራረጥ በየቤቱ በርሜል፣ ጀሪካንና ሮቶ ይሞላል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ደግሞ በረግረግ ሳይሆን በእንዲህ ያለ የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ትራባለች። በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በቀብሪደሃር ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር ተያይዟል። በሞቀ ውሃ እንቁላሉ ቶሎ ስለሚያድግ ዕቃውን መክደንና በየሳምንቱ አራግፎ ማጠብ፣ ግቢ የሚተኛም ሰው በአጎበር ውስጥ መተኛት ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ የአየር ንብረት ለውጥ ነው?

አንድን የሞቀ ሳምንት ብቻ ነጥሎ «ለውጡ ያመጣው ነው» ማለት ያስቸግራል፤ የክረምቱ መዘግየት ወይም ኤል ኒኞ የሚባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው በላይ መሞቅም ያመጣዋል። ኤል ኒኞ በሚበረታበት ዓመት፣ እንደ 2007 ዓ.ም. ሁሉ፣ የክረምቱ ዝናብ ይዳከማል። ነገር ግን የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት እንዳስታወቀው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2024 በመለኪያ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ሲሆን፣ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.55 ዲግሪ ያህል በልጧል። መነሻው ከፍ ሲል እያንዳንዱ የሙቀት ሞገድ ከዚያ ከፍታ ላይ ይጀምራል።

ሙቀቱ ሊያበቃ መሆኑ በምን ይታወቃል?

በትንበያው ላይ የመጀመሪያው ምልክት የቀኑ ቁጥር መውረድ ሳይሆን የቀንና የሌሊቱ ልዩነት መጥበብ፣ የእርጥበቱም መጨመር ነው። ቀጥሎ የዝናብ ዕድሉ በአንድ ቀን ብቻ ሳይሆን በተከታታይ ሦስትና አራት ቀን ላይ መታየት ይጀምራል። በሰማይ ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ግድም በደንገጎ አናት ላይ የሚቆለለው ነጭ ደመና መታየት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እዚያው ተራራው ላይ ቆይቶ ማታ ይበተናል። ከዕለታት በኋላ ሥሩ ጠቁሮ ወደ ከተማዋ ሲያዘነብልና ከተራራው በኩል የአፈር ሽታ የያዘ ቀዝቃዛ ነፋስ ሲመጣ፣ ፍራሹን ከግቢ ማስገባትና ከደቻቱ ዳር ዕቃን ማንሣት ይገባል።